ማንም የማይጠይቅለት ሞት

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ከአስታ ገደል ግርጌ ስትደርስ ከአስከሬኑ አጠገብ አምስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የጸበሉ አጥማቂ አባ እንድርያስ ናቸው። ሁለተኛው የሟቹ ታላቅ ወንድም ጥበቡ ነው፤ ከአውድማ ተጠርቶ ስለመጣ ፀጉሩ ላይ ገለባ ነበረበት። ሦስተኛዋ ከንፋስ መውጫ በአምቡላንስ የመጣችው የአእምሮ ጤና ነርስ ሲስተር ማስተዋል ናት። አራተኛው አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው የጸበሉ አገልጋይ መልካሙ ነው። አምስተኛዋ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ውባለም ነበረች። የሟቹ እናት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ግን አልወረዱም፤ ከአፋፉ ላይ ሴቶች ወገባቸውን ይዘዋቸው ድምፃቸው ብቻ ይሰማ ነበር።

ሟቹ አንተነህ ይባላል። ዕድሜው ከሠላሳ አይዘልም። ከክረምት ጀምሮ መኖር ጠልቶ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ምንም የለም፤ ደከመኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ይህ በጎጡ ሁሉ ስለተወራ፣ በዚያ ጧት ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ ሲባል እንዴት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ውባለምም መንገድ ላይ የሰማችው ይህንኑ ነው። የእስቴ ሰው ናት፤ መካነ ኢየሱስ ተወልዳ ያደገች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት።

«ማን ነካው?» አለች።

«ማንም» አለ መልካሙ። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ ያልተላጨ ሰው ነው። «ካየሁት ጀምሮ እዚሁ ቆሜ ጠበቅሁት። አሞራ እንኳ አላስጠጋሁም።»

«ምኑን ትመረምሪዋለሽ?» አለ ጥበቡ ከኋላ። «ሲዝትበት የነበረውን አደረገው። ቶሎ ጨርሺና ወንድሜን ልውሰድ።»

«ወዴት ነው የምትወስደው?» አለችው።

ጥበቡ ወደ አባ እንድርያስ ተመለከተ። አባ እንድርያስ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ጭንቁ እሱ ነው ልጄ» አሉ። «ራሱን የገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ከአጸዱ ውስጥም አይቀበርም። እናቱ የምትጮኸው ስለሞተ ብቻ አይደለም።»

«ታሞ እኮ ነው አባ!» አለች ማስተዋል። «ወባ ቢገድለው ይከለክሉት ነበር?»

«አእምሮው የታወከ እንደሆነ ቀኖናው በር አለው። ግን እናቱን ጠይቂያት። ‹ልጄ እብድ አይደለም› ብላ ምላለች። በእሷ ፊት እብድ ነበር ብዬ ልቅበረው?»

«ስለዚህ የሚጠበቀው የእኔ ቃል ነው» አለች ውባለም።

«ያንቺ ቃል ነው። ምን ብለሽ እንደምትናገሪ ግን እወቂ።»

ውባለም ተንበረከከች። አስከሬኑ የተጋደመው ከገደሉ ሥር ወደ ውስጥ በገባ፣ እንደ ጣሪያ በተንጠለጠለ ድንጋይ ጥላ ውስጥ ነው። ጸበሉ የሚፈልቅበት ምንጭ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ውሃው ሲወርድ ይሰማል። አንተነህ ጋቢ ለብሷል። የጋቢው ቀይ ጥለት ከአንገቱ ሥር ዞሮ ትከሻው ላይ ተቋጥሯል። ፎቶ ካነሳች በኋላ ቋጠሮውን ፈታች። ጋቢው ደረቅ ነው። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ግን ርሶ ከደረቱ ጋር ተጣብቋል። እጁንና እግሩን ዳሰሰች፤ የተሰበረ አጥንት የለም። ከራሱ ኋላ አንድ ቁስል አለ። በመጨረሻ እግሩን አየች። በሁለቱም ተረከዞች ላይ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ሲስተር፣ እስኪ ይህን እይልኝ» አለች።

ማስተዋል ጎንበስ አለች። ጥቂት አይታ ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ውባለም ክንዷን ያዘችና «ቆይ» አለቻት። «ወደ ላይ ስንወጣ ትነግሪኛለሽ።»

መልካሙ ሁለቱንም አያቸው። ጥበቡም አያቸው። አባ እንድርያስ ዓይናቸውን ከምንጩ ወገን አላነሱም።

---

አቀበቱ መሃል ላይ ሁለቱ ሴቶች ለማረፍ ቆሙ።

«ሊሞት ማሰቡን ለቤተሰቡ ማን ነገራቸው?» አለች ውባለም።

«እኔ ነኝ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎሽ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር» አለች ማስተዋል። «መስከረም ላይ ብቻውን ጤና ጣቢያ መጣ። ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፌን ይዤ አክመው ነበር። እሱ ግን ቀን ቆርጦ ነበር። እንዲህ ሲሆን ለቅርብ ሰው መንገር ደንባችን ይፈቅዳል። ለወንድሙ ደወልሁ። ‹ብቻውን አትተዉት፤ አውሩት፤ አብራችሁት ብሉ› አልሁት።»

«ወንድሙስ?»

«ገበያ ወጥቶ ሰንሰለት ገዛ። ከዚያ እዚህ ጸበል አምጥተው አስቀመጡት።»

«ዛሬ ለምን መጣሽ?»

«ደብረ ታቦር ሆስፒታል ልወስደው። ስመላለስ ቆይቼ በስንት ልመና እናቱ እሺ አሉ። እሱም ‹ሰንሰለቱን ፍቱልኝ እንጂ እሄዳለሁ› አለኝ። ዛሬ ጧት እንደምመጣ ሁሉም ያውቃሉ።»

«ልሂድ ብሎ የተስማማ ሰው ራሱን ይገድላል?»

«ይገድላል» አለች ማስተዋል ወዲያው። «ለነገ ስንቅ የቋጠረ ሰውም ይሞታል። በዚህ አትፍረጂ። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽም አትፍረጂ።»

ውባለም ሴትዮዋን ተመለከተቻት። አንተነህ ራሱን ካልገደለ ነርሷ ከወቀሳ ትድናለች፤ ሆኖም የምትድንበትን መልስ ሲያቀርቡላት ገፋችው። ወይ እውነተኛ ናት፣ ወይ በጣም ብልህ።

«እሺ፤ አሁን ስለ ተረከዙ ንገሪኝ።»

ማስተዋል ነገረቻት።

---

የጸበልተኞቹ ጎጆ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። የአጨዳና የአውድማ ሰሞን በመሆኑ ከአንተነህና ከእናቱ ሌላ የነበሩት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ናቸው። የወንዶቹ ጎጆ ውስጥ አንድ መደብ፣ ጭድና አንድ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ሰንሰለቱ ጭዱ ላይ ተጥሏል። ሁለቱን ቁርጭምጭሚት አቅርቦ በአንድ ጓጉንቸር የሚያያዝ፣ ሰው በአጭር በአጭሩ እንዲራመድ ብቻ የሚፈቅድ ነው። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነበር።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከደጃፉ ተቀምጠዋል። ማልቀሱን ለጊዜው ተዉት።

«እግዜር ያጽናዎት እማማ። ቁልፉ የት አለ?»

ከአንገታቸው ከማተባቸው ጋር የታሰረውን ትንሽ ቁልፍ አወጡ። «አንዱ ይኸው። አንዱ ጥበቡ ጋ ነው፣ ቤቱ።»

«ለመልካሙ አልሰጡትም?»

«ኧረ! አንድ ቀን አዝኖለት ሊፈታው ሲል ጥበቡ ደርሶበት ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጥም።»

«ጧት ጧት ማን ነው የሚፈታው?»

«እኔ ነኛ! ኪዳን አድርሼ እመጣለሁ፣ እፈታዋለሁ፣ መልካሙ ይዞት ይወርዳል፣ አባ ያጠምቁታል። በሰንሰለቱ ሆኖ ወደ ውሃው ወርዶ አያውቅም።» ድምፃቸው ሰለለ። «ዛሬም ኪዳን አድርሼ ስመጣ ሰንሰለቱ ብቻውን ነው። መልካሙ ከአፋፉ ይጮሃል።»

«ትናንት አንተነህ ምን አለዎት?»

«‹ነገ አልጠመቅም፤ ነገ ሂያጅ ነኝ› አለኝ። ‹ምነው አባ ባርከውህ በሄድህ› አልሁት።» ድንገት የውባለምን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ልጄን እንደ ከብት ከዱር ሊጥሉብኝ ነው። ገደል ገብቶ አይደለም በይልኝ። እብድም አትበይብኝ። ሁለቱንም አትበይብኝ።»

«ያላየሁትን አልልም እማማ» አለች ውባለም። «ያየሁትን ግን አልደብቅም።»

ሴትዮዋ እጃቸውን መለሱ። ውባለም ሰንሰለቱን አንስታ በብርሃን አየችው። ከጓጉንቸሩ ቀለበት ሥር፣ ከድንጋይ ላይ የሚላጥ አረንጓዴ የውሃ ልጋግ ተጣብቋል። የጎጆው ወለል ደረቅ አፈር ነበር።

---

ጥበቡ ወደ አውድማው ተመልሶ ነበር። ወንድሙ ሞቶ ገብስ ማበራየቱ ለሰው ይከብዳል፤ እሱ ግን በሬዎቹን ከጎረቤቶቹ እጅ ተቀብሎ ዙሪያውን ይነዳ ነበር። ጎረቤቶቹ ውባለምን ሲያዩ መንሻቸውን አቆሙ።

«ፖሊስ መጣች፤ በሬዎቹን እንዳታስርብን!» አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም፤ ራሱም አፈረ።

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርህ?» አለችው ጥበቡን።

«እዚሁ። እነዚህን ጠይቂያቸው። ሌሊት ነው የጀመርነው።»

«እውነት ነው» አሉ ሁለት ሦስቱ ባንድ ድምፅ። ቶሎ ማለታቸው ለውባለም አልጣማትም።

«ከበሬው ጀርባ ዘወር ያለ ሰው አልነበረም?»

«ውሃ ልጠጣ ስል እንኳ ‹ሰነፍ› እያሉ ሲሰድቡኝ ነው ያነጉት» አለ ጥበቡ።

«የአንተነህ የመሬት ድርሻ ለማን ይሆናል?»

ጥበቡ አለንጋውን ጣለው። «ይኸው! ስጠብቀው የነበርሁትን ጥያቄ አመጣሽው። ለኔ ይሆናላ! ለማን ይሁን? እኔ ግን መሬት የለኝም ወይ? ወንድም ነው ያልነበረኝ፤ አንድ እሱ ብቻ።»

«በሰንሰለት ያሰርኸው ወንድም።»

«አዎ፣ አሰርሁት! ያች ነርስ ደውላ ‹ብቻውን አትተዉት› አለችኝ። አጨዳ ነው፣ ውቂያ ነው፤ እንዴት አድርጌ ቀን ተሌት ልጠብቀው? ሰንሰለት ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አላናገረኝም። ባልታሰር ይሞትብኛል፤ ቢታሰር ይጠላኛል። የቱ ይሻል ነበር? እስኪ አንቺ ንገሪኝ፤ ሕግ ታውቂ የለ?»

ውባለም የጣለውን አለንጋ አንስታ ሰጠችው።

«ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ነው የተገኘው» አለች።

«ከስቷል። እግሩ የፍየል እግር ሆኗል። አሹልኮ አውጥቶት ነዋ።»

---

አባ እንድርያስን ያገኘቻቸው ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ነው።

«አንተነህ የንስሐ ልጅዎ ነበር። ሊሞት ማሰቡን ነግሮዎታል?»

«ኑዛዜ የተናገረውን አልነግርሽም። ሞቶም ቢሆን።»

«ነርሷ ተናገረች፤ እርስዎ ዝም አሉ። የትኛችሁ ናችሁ የበደላችሁት?»

«እሷ የተናገረችው እንዲኖር ብላ ነው። እኔ ዝም ያልሁት አንድ የሚያምነው ሰው እንዲቀርለት ነው» አሉ። «እየመጣ እዚህ ይቀመጥ ነበር። ብዙ አናወራም። ሲመሽበት ሰንሰለቱን እየጎተተ ይሄዳል። ያን ድምፅ አልወደውም። ለእናቱም ለጥበቡም ነግሬያቸዋለሁ፤ ብረት ወደ ውሃዬ አይወርድም። በግድ የሚጠመቅ ሰውም የለም።»

«ሆስፒታል መሄዱን ይቃወሙ ነበር?»

«እኔ? ስኳሬን የምታየው ማን ሆና ነው? ያችው ጤና ጣቢያ ናት። ጸበሉ ቀንቶ መድኃኒት አይከለክልም። የተቆጣው ሌላ ሰው ነው።»

«ማን?»

አዛውንቱ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። «ቁጣ ኃጢአት እንጂ ወንጀል አይደለም። ስም አትጠይቂኝ።»

«ዛሬ ኪዳን ላይ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ዲያቆኑ፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አሮጊቶቹ። መልካሙ በዚያ ሰዓት ምንጩን ስለሚጠርግ አይመጣም።»

---

መልካሙ አፋፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። አስከሬኑ ወደ አምቡላንሱ ተወስዷል። ውባለም ከጎኑ ተቀመጠች።

«አንተም ጸበልተኛ ነበርህ አሉኝ።»

«ከወገዳ ነው ያመጡኝ። አራት ሰው ይዞኝ። አሁን ይኸው፣ ሰው ሆኛለሁ።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። «ታስሬ ነው የዳንሁት። ሲስተሯ ይህን አትወድም።»

«አንተነህ ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር! ልቡ ነው እንጂ የደነደነ። ትንሽ ቢታገሡ…» አቋረጠ።

«እንዴት አየኸው ዛሬ?»

«ምንጩን ጠርጌ ወጣሁ። ጎጆ ብገባ የለም። ደነገጥሁና ወደዚህ ሮጥሁ። ቁልቁል ሳይ በጋቢው ጥለት ለየሁት። ቀይ ነው።»

«አስከሬኑ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ቀይ ሻሽ አስነጥፌያለሁ። ከዚህ ይታይሃል?»

መልካሙ አንገቱን አሰግጎ አየ። «ይታየኛል» አለ።

ውባለምም ቁልቁል አየች። ተነሥታ ሄደች።

---

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከድንጋዩ መደብ ላይ፣ አባ እንድርያስ ከጎናቸው ተቀመጡ። ጥበቡ በሩን ተደግፎ ቆመ። ማስተዋል ከግድግዳው ጥግ፣ መልካሙ መሬት ላይ። ከደጅ አንድ ፖሊስ ነበር።

«ሁላችሁም ዛሬ አንድ ነገር ነግራችሁኛል» አለች ውባለም። «አንተነህ እግሩን ከሰንሰለቱ አሹልኮ አወጣ፣ ጋቢውን ለበሰ፣ ገደሉ ጋ ሄደ፣ ወደቀ። እስኪ ይህን እንየው። ጥበቡ፣ ከዚያ ገደል የወደቀ በሬ አይተህ ታውቃለህ?»

«አይቻለሁ። ለሥጋ እንኳ አይሆንም።»

«የወንድምህ አጥንት ግን አልተሰበረም። የተገኘውም ከተንጠለጠለው ድንጋይ ሥር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ከላይ የሚወድቅ ነገር እዚያ አይገባም። ሰው ነው ያስገባው።»

«ወድቆ በደረቱ ተስቦ ቢገባስ?» አለ ጥበቡ።

«ቢሳብ ጋቢው አፈር ይነካው ነበር። ንጹሕ ነው። ደግሞ የጋቢውን አለባበስ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከሐዘን ብዛት ልብ አላላችሁትም። ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቱ ሥር ነበር።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ዘቅዝቆ?»

«ዘቅዝቆ። ለለቅሶ እንደሚለበሰው።»

«ለራሱ አልቅሶ ይሆናል» አለ ጥበቡ ድምፁ ተሰብሮ። «የሚሞት ሰው ምን ያውቃል።»

«እኔም አስቤው ነበር። ግን ሸሚዙ እስከ ሥጋው ርሷል፤ ጋቢው ደረቅ ነው። ታኅሣሥ ነው፤ ዝናብ የለም። በውሃ የራሰ ሰው ጋቢ ለብሶ ገደል ቢወጣ ጋቢውም ይርሳል። ጋቢው ሲለበስ ከሸሚዙ የሚንጠባጠበው ውሃ አብቅቶ ነበር፤ ያለበሰውም ሌላ እጅ ነው። ያ እጅ አንተነህ መሞቱን አውቋል፤ አዝኖም ነበር። ስለዚህ እንደ ልማዱ ዘቀዘቀው። ሳያስበው።»



«ሸሚዙ የት ራሰ? እዚህ አካባቢ ውሃ ያለው ምንጩ ጋ ብቻ ነው። ሰንሰለቱንም ይኸው እዩት። ልጋግ ተጣብቆበታል። አባ፣ ብረት ወደ ውሃዎ ይወርዳል?»

«በእኔ ዘመን ወርዶ አያውቅም።»

«ዛሬ ወርዷል። አንተነህ ወደ ምንጩ የሄደው እንደታሰረ ነው። ሲስተር፣ ስለ ተረከዙ ያልሽኝን ንገሪያቸው።»

ማስተዋል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰንሰለት በግድ ሲወጣ ተረከዝ ይልጣል። በሕይወት ያለ ሰው ቢላጥ ይደማል፣ ያብጣል። የአንተነህ ግን ነጭ ነው፤ ደም አልወጣውም። ሰንሰለቱ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው።»

«እንግዲህ የሞተ ሰው በእግሩ ገደል አይሄድም» አለች ውባለም። «ሞቱ ምንጩ ጋ ነው። ከዚያ ሰንሰለቱ ከእግሩ ተጎትቶ ወጣ፤ ሬሳው ገደሉ ሥር ተጋደመ፤ ሰንሰለቱ ወደ ጎጆው ተመለሰ። አሁን ማን የሚለው ይቀራል። ሬሳን አሰቃይቶ ሰንሰለት የሚያወጣ ሰው ቁልፍ የሌለው ነው። ቁልፍ የነበራቸው እማማና ጥበቡ ናቸው። እማማ ኪዳን ላይ ነበሩ። ጥበቡ ደግሞ መሬት ይወርሳል ብዬ ከሁሉም ይልቅ የጠረጠርሁት ሰው ነው፤ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያበራይ ነው ያነጋው፤ መሸሸግ ቢፈልግም በቁልፉ ፈትቶ ሰንሰለቱን ያወጣው ነበር እንጂ ተረከዝ አይልጥም። ቁልፍ የሌላቸው ሦስት ናቸው። አባ ኪዳን ሲያደርሱ ነበር። ሲስተር የደረሰችው መልካሙ ከጮኸ በኋላ ነው፤ ከሾፌሩ ጋር ነበረች።»

ማንም መሬት ላይ ወደ ተቀመጠው መልካሙ አላየም። ሁሉም የቀረውን አውቀዋል።

«መልካሙ፣ ቅድም ቀዩ ሻሽ ይታየኛል አልኸኝ። ከአፋፉ ያ ቦታ አይታይም፤ ድንጋዩ ይጋርደዋል። ሻሹንም አላስነጠፍሁም። አንተነህ የት እንዳለ ያወቅኸው አንተው ስላስቀመጥኸው ነው። አሞራ እንዳይነካው ብለህ ጥላ ውስጥ አስገባኸው።»

መልካሙ ራሱን ቀና አላደረገም። 

«መኪናው ሳይመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ላጥምቀው ብዬ ነው» አለ። «ቁልፉን ብጠይቅ እምቢ ይሉኝ ነበር። እየጎተትሁ አወረድሁት። ‹አልፈልግም፤ ዛሬ ሂያጅ ነኝ› አለኝ። እኔም ያኔ አልፈልግም ስል ነበር። አልሰሙኝም፤ ባይሰሙኝ ነው የዳንሁት። እሱንም አልሰማሁትም። ጋቢውን አውልቄ ድንጋይ ላይ አኖርሁ። ውሃው ውስጥ ስስበው እግሩ አልፈታ አለው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። በኋላው ወደቀ። ጠራሁት። ጋቢውን ሳለብሰው እንኳ ‹ተነሥ፣ በርዶሃል› እያልሁት ነበር።»

«አልገደልኸውም፤ ወድቆብህ ነው። ያኔውኑ ለምን አልጮኽህም?» አለች ማስተዋል።

«ጸበሉ ገደለው ይባላል። ይዘጋል። እንደኔ ያለው ሁሉ ወዴት ይሂድ?» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እሱን ደግሞ ዛሬ ነገ ይሞታል እያለ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው። ገደል ገባ ቢባል ማንም አይጠይቅም አልሁ።»

«እኔ እጠይቅ ነበር» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ። አልጮኹም። «ጧቱን ከአፋፉ ሆኜ ስጠይቅ ነበር። አጠገቡ ቆመህ ትሰማኝ ነበር። ልጄ ከዱር ሊጣል ሲል ዝም አልህ።»

መልካሙ ሊስም ወደ እግራቸው ተሳበ። እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ሰንሰለቱን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ ጥበቡ ከበሩ። «ያንንም ጻፊው።»

«እጽፈዋለሁ» አለች ውባለም።

እማማ ወደ አባ እንድርያስ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄን ያስገቡልኝ።»

«ይገባል» አሉ አዛውንቱ። «እኔው ነኝ የምፈታው።»

ማስተዋል ከጥግዋ ወጣች። «ገደል ገብቶ ቢሆን ኖሮስ አባ? ያው አንተነህ አልነበረም? ያው ከጎንዎ ይቀመጥ የነበረው?»

አባ እንድርያስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«አላውቅም» አሉ። «ዕድሜዬ መሽቶ እንኳ አላውቅም። ሀገረ ስብከቱን እጠይቃለሁ።»

---

አስከሬኑ በዚያው ቀን ለምርመራ ተወሰደ፤ የሞቱ ምክንያት የራስ ቅል ጉዳት መሆኑ ተረጋገጠ። አንተነህ ከሁለት ቀን በኋላ ፍትሐት ተደርጎለት በአጸዱ ውስጥ ተቀበረ። መልካሙ ንፋስ መውጫ ተወስዶ ቃሉን ሰጠ፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደልና ማስረጃ በመሰወር ተከሰሰ። ጸበሉ አልተዘጋም። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ምንጩ ዳግመኛ አልወረዱም።